አራት ባትሪ ጠምጄ እህቴን ልቀበል ስወጣ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ሳቁብኝ። እኔ መብራት አልፈራም። ጨለማም አልፈራም። የምፈራው በመካከል ያለውን፣ ልብራ ልጥፋ እያለ የሚርገበገበውን ነው። ያን ሰሞን እኔም ልክ እንደዚያው ስርገበገብ ነው የሰነበትሁት።

ጣጣውን የላከልኝ ልጄ ነው። ልጄ ሩቅ ከተማ አንድ ትልቅ ሆቴል ግቢ ውስጥ ይሠራል። ግቢው ከመስፋቱ የተነሣ እንግዶቹ ከሚተኙበት እስከሚበሉበት በእግር መሄድ ይደክማቸዋል አሉ። እኔ በእነሱ ዕድሜ በሬ እየነዳሁ አጅባር ገበያ ደርሼ እመለስ ነበር፤ ይሁን፣ ያኔ ሆቴል ስላልነበረ ይሆናል ያልደከመኝ። ለእነዚህ እንግዶች የተገዛ አንድ ጋሪ ነበረ፤ አራት ጎማ፣ ጣሪያ፣ ሁለት ረድፍ መቀመጫ። በር የለው፣ ሞተሩ አይጮህ፣ ጭስ የለው፤ በባትሪ ብቻ ይሄዳል። የተሠራውም ጎልፍ ለሚባል ጨዋታ ነው አለኝ ልጄ። ሰዎች ትንሽ ኳስ በዱላ መትተው ያርቋታል፤ ከዚያ በዚህ ጋሪ ተቀምጠው ሊፈልጓት ይሄዳሉ።

«ኋላ የሚፈልጓት ከሆነ መጀመሪያ ለምን መቷት?» አልሁት።

«አባባ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይንዱ» አለኝ።

ሆቴሉ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን እሱ ወስዶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ እኔ ወዳለሁበት ወደ መካነ ሰላም ሰደደልኝ።

መቀመጫውን አንሥቼ ከሥሩ ባይ፣ አራት ባትሪ ጎን ለጎን ተሰልፎ አንዱ ከሌላው በወፍራም ሽቦ ተያይዟል። ያን ጊዜ ልቤ ደስ አለው። መኪና አላውቅም፤ በሬ ግን አውቃለሁ። ከተማ ከመግባቴ በፊት ዕድሜዬን የጨረስሁት ከሞፈርና ከቀንበር ጋር ነው። እዚያው ስም አወጣሁላቸው፤ ቦራ፣ ጉራች፣ ዳለቻ፣ ወይኖ። እንዳይምታቱብኝ በኖራ ምልክት አደረግሁባቸው። ሚስቴ ጦይባ ቆማ ስታየኝ ቆይታ፣ «ጭድ ላምጣላቸው?» አለችኝ።

ችግሩ ጋሪው ራቁቱን መምጣቱ ነው። ክላክስ የለውም፤ የፊት መብራት የለውም። ለሆቴል ግቢ ምን ያደርግለታል? እዚያ መንገድ ላይ አህያ አይተኛም። እኛ ዘንድ ግን ክላክስ የሌለው መኪና እንደሌለ ነው የሚቆጠር። ደግሞ ድምፅ ስለሌለው ሰው የሚያውቀኝ ጀርባው ላይ ስደርስ ነው። ተፈራ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ ድሮ የእሱን በሬ ከእኔ በሬ ጋር እያቀናጀን አብረን ያረስን ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ከኋላው ቀስ ብዬ ብደርስበት፣ «በስመ አብ!» ብሎ ከነተሸከመው ጆንያ ዘለለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው? ክላክስ ከሌለህ ለምን አትስልም!»

እውነቱን መሰለኝ። ጥቂት ቀን እያሳልሁ ነዳሁ። ጉሮሮዬ ሲቆስል ተውሁት።

እንዲህ እያለሁ ነው እህቴ ሉባባ ከሐጅ ተመልሳ አዲስ አበባ መግባቷን የሰማሁት። ሉባባ ታላቄ ናት። ልጅ ሆኜ እግሬን እሾህ ወግቶኝ ሲመግል፣ ቁርኣን ቤት እንዳልቀር አዝላ ወንዝ እያሻገረች ያመላለሰችኝ እሷ ናት። ስትደውልልኝ ድምፅዋ ደክሟል።

«እግሬ አብጧል» አለችኝ። «ጁምዓ በአውቶቡስ እገባለሁ። የሚያስጨንቀኝ ከመናኸሪያው እስከ ቤቴ ያለው ዳገት ነው። ሐኪሙ በዚህ እግርሽ ዳገት እንዳትሞክሪ ብሎኛል። ባጃጆቹም ቤንዚን አጥተው ቆመዋል አሉ።»

«አብሽሪ እትዬ! እኔ እያለሁልሽ! ወላሂ፣ እግርሽ መሬት አይነካም!»

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ። ግን የእኔ አፍ አንዴ ከተነሣ ፍሬን የለውም። «መብራት አብርቼ፣ ክላክስ እየነፋሁ፣ መንዙማ በሞንታርቦ ለቅቄ ነው የምቀበልሽ! አገሩ ሁሉ ሐጃ ሉባባ ገባች ይላል!»

«እኔ የጨነቀኝ እግሬ ብቻ ነው» አለችኝ።

ስልኩን ስዘጋ ጦይባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አንቱ ሰውዬ፣ ወላሂ ያሉት ለየትኛው ነው? ለእግሯ ነው ለሞንታርቦው?»

«ለሁሉም!»

ወላሂ ተብሎ ወደኋላ የለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕቃ ፍለጋ ገባሁ።

ክላክስ ከገበያ አገኘሁ። ሁለት የፊት መብራት ከተፈታታ አይሱዙ ላይ አገኘሁ። ሞንታርቦውን ለሠርግ የሚያከራይ ዘመድ አዋሰኝ። የቀረኝ ከባትሪው ጋር ማገናኘት ነው። የክላክሱን አንዱን ሽቦ ከቦራ፣ ሌላውን ከመጨረሻው ከወይኖ አሰርሁት፤ ጥማዱ በሙሉ ይጎትተው ብዬ። ነካሁት።

የወጣውን ድምፅ በመሠረተ ትምህርት የተማርኋት ፊደል አትችለውም። በደጄ የምታልፍ አንዲት አህያ ጭነቷን ጥላ ሄደች። መንገዱ ዳር የምትቸረችር አንዲት ሴትዮ ደንግጣ የራሷ ቲማቲም ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ክላክሱ አንድ ጊዜ ሲር ብሎ፣ ሸቶ፣ ሞተ። እኔ ደግሞ በአንድ ነገር ተምሬ የማልተው ሰው ነኝ፤ መብራቱንም እዚያው አሰርሁት። እንደ ፀሐይ ቦግ አለ፤ ደስታዬን ሳልጨርስ ጷ ብሎ ጠፋ።

ሬሳቸውን ይዤ ሙሄ ዘንድ ሄድሁ። ሙሄ ገበያው ዳር ሬድዮና ስልክ የሚጠግን ጎልማሳ ነው። ክላክሱን አገላብጦ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ አራት ባትሪ አንድ ላይ ሲያያዝ አርባ ስምንት ቮልት ነው። ይህ ክላክስ የሚችለው አሥራ ሁለት ነው። የአራት ሰው ምግብ ለአንድ ሰው አጎረሱት።»

«ታዲያ ምን ይበጃል?»

«ቮልት መቀነሻ የሚባል ዕቃ አለ። ከአራቱም እኩል ወስዶ፣ ወደ አሥራ ሁለት አውርዶ ይሰጥዎታል። እኔ ዘንድ የለም፤ ከደሴ አስመጣልዎታለሁ።»

«ለጁምዓ ይደርሳል?»

«የሚያመጣው ሰው ከተገኘ፣ ኢንሻአላህ።»

ኢንሻአላህ የሚለውን ቃል አከብረዋለሁ፤ የሙሄን ኢንሻአላህ ግን አውቀዋለሁ። የሰጠሁትን ሬድዮ በዚሁ ቃል ክረምትና በጋ አስቆይቶብኛል። «ዕድሜዬን ሙሉ ጭማሪ ስጠይቅ ኖሬ አሁን መቀነሻ ልግዛ? ተወው» አልሁት።

«እንግዲያው አደራ፣ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ነጥለው እንዳይወስዱ።»

ይህን ባይነግረኝ ይሻል ነበር። አንዱ ባትሪ ብቻውን አሥራ ሁለት መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ቤቴ ገብቼ ሌላ ክላክስ፣ ሌላ አምፖል አምጥቼ ሁሉንም ቦራ ላይ ብቻ ጫንሁት። ሠራ! ክላክሱ እንደ ሰው ጮኸ፣ መብራቱ በልኩ በራ፣ ሞንታርቦው መንዙማውን ለቀቀው። ሙሄ ለካ የማያውቀውን ነው የሚያወራው ብዬ ጦይባን ከኋላ አስቀምጬ ከተማውን ልዞር ወጣሁ። ሰው ከየሱቁ እየወጣ አየን። እጄን እያነሣሁ ሰላምታ ሰጠሁ። በመስጊዱ በኩል ስናልፍ ጋሪው ትንሽ የለገመ መሰለኝ። ገበያው ዘንድ ስንደርስ አንዲት የምታነክስ በግ ቀደመችን። ከዚያ ቆመ። የባትሪውን መጠን የሚያሳየው ጌጅ ገና ግማሽ ላይ ነው፤ ብረግጠው ወይ ፍንክች። መንዙማው ብቻ ይቀጥላል።

ተፈራ ነው ገፍቶ ያስገባን። «ጋሪ መጣለት ሲሉኝ» አለ እያለከለከ፣ «ለካ ሥራ የመጣው ለእኔ ነው።»

ሌላ ሰው ይህን ጊዜ ይተዋል። እኔ ግን የቦራ መድከም በደል መሆኑ ታየኝ፤ መፍትሔው ፍትሕ ነው አልሁ። ዛሬ ቦራ ከሠራ፣ ነገ ጉራች፣ ከዚያ ዳለቻ፣ ከዚያ ወይኖ፤ እንደ ዕድር ተራ። በየቀኑ ሽቦ እየፈታሁ ሽቦ አስራለሁ። በዚህም ቀድሞ የታመመው አንዱ ብቻ ነበር፤ አሁን አራቱም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መጠን ታመሙ። ቻርጀሩ ደግሞ አራቱን እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጥራቸው፤ የጠገበውን ከተራበው ሳይለይ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ቁጭ ይላል። ያን አረንጓዴ እያየሁ ስንት ቀን ተታለልሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ፍርሃቴ ባሰ፤ ፍርሃቴ ሲብስ ደግሞ ብልሃቴ ይበዛል። ተራው ካልሠራ ክፍፍል ይሁን አልሁ፤ ክላክሱን ለቦራ፣ መብራቱን ለጉራች፣ ሞንታርቦውን ለዳለቻ። ወይኖ ይረፍ፣ የዳገት በሬ ነው። መኪና ላይ እንደማየው የሁሉንም ኔጋቲቭ ሽቦ ሻንሲው፣ የጋሪው ብረት ላይ አሰርሁና የመጨረሻዋን ሽቦ ነካ ሳደርጋት፣ ከመቀመጫው ሥር ጭስ ተነሣ። ሽቦው እንደ ማረሻ ብረት ቀላ። ጦይባ ባልዲ ውኃ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«እንዳትደፊው! ኤሌክትሪክ ነው!»

«እሱ ላይ ካልደፋሁት እርስዎ ላይ ልድፋው?»

ሽቦውን በፒንሳ ጎትቼ በጠስሁት። ሙሄ ተጠርቶ መጣና በመለኪያው አራቱንም ነካክቶ ዳለቻ ላይ ቆመ። «ኔጋቲቩን አንድ ላይ ሲያስሩት ሾርት ሆኖ ይሄ ክፉኛ ተጎድቷል። ፊውዝ አላደረጉም?»

«ፊውዝ ምን ያደርጋል?»

«ከሌላው ቀድሞ ይቃጠላል።»

«የሚቃጠል ሞልቶኝ ደግሞ ሌላ ልጨምር?» አልሁት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የማስበው ዳገቱን ነው። በማታውም የከተማው መብራት ጠፋ። ጠዋት መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። እኔ ቻርጀሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እንደ ታማሚ አስታመምሁት።

ጁምዓ ቀን አውቶቡሱ በዐስር ሶላት ይገባል ተባለ። መናኸሪያው በሰው ተሞላ። እስላሙም ክርስቲያኑም ነጭ ለብሶ መጥቷል፤ ሉባባን የማይወድ የለም። ተፈራም ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል። እኔ ጋሪዬን በጥብጣብ አስጊጬ፣ ሁሉንም ዕቃ ከአራቱ በተሻለው በወይኖ ላይ ጭኜ ደረስሁ። አውቶቡሱ የለም። ዐስር አለፈ፤ የለም። ያን ሁሉ ሕዝብ ዝም ብዬ ላስቁመው? ሞንታርቦውን ከፈትሁት።

«ጋሼ፣ ይዝጉት፤ ዳገቱን ያስቡ» አለኝ ሙሄ።

«ሐጃ ልቀበል ወጥቼ እንደ ለቅሶ ቤት ዝም ልበል?»

መንዙማው ሲሄድ፣ ጌጁን ሳይ፣ መንገዱን ሳይ፣ ጌጁን ሳይ፣ ጀምበር ወደ ማዘቅዘቂያው ስትል አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ገባ። ጋሪውን የኋሊት አምጥቼ ከአውቶቡሱ በር ጋር ገጠምሁት። ሉባባ ከደረጃው በቀጥታ ወደ መቀመጫው በሰው እጅ ተላለፈች። እግሯ እንደ ዱባ አብጧል። መሬት ግን አልነካም። ልቤ ትንሽ መለስ አለ።

«ይሄ ነገር በር የለውም?» አለችኝ።

«ንፋስ እንድታገኚ ነው፣ እትዬ።»

መብራት አበራሁ፣ ክላክስ ነፋሁ፣ ሞንታርቦውን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ሴቶች እልል አሉ። ሕዝቡን አስከትለን ሜዳውን እንደ ንጉሥ ሄድን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ መንዙማው መጎተት ጀመረ፤ የሚያዜመው ሰውዬ እንቅልፍ የመጣበት መሰለ። መብራቱ ቀላ። ጋሪው እንደ ቀንድ አውጣ ተሳበ፣ ተሳበና መሐል ዳገት ላይ ቆመ። ቆሞም አልቀረ፤ ወደኋላ አንድ ክንድ ተንሸራተተ።

ፍሬኑ ላይ ወጣሁበት። በግራችን ቦይ አለ፤ ጥልቅ። ሉባባ ሸሀዳዋን ስትይዝ ሰማሁ። ጦይባ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ትልቅ ድንጋይ ከጎማው ኋላ ወሸቀች።

«ልውረድ» አለች ሉባባ።

«አትወርጅም! ወላሂ ብያለሁ!»

«በእኔ እግር ነው ወላሂ ያልኸው?»

ያን ጊዜ ተፈራ ጠጋ አለና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንተ» አለኝ። «እኔና አንተ ስናርስ ማታ በሬውን ስንፈታ፣ አንዱን ነጥለህ አውድማ ላይ ሌሊቱን ሲያበራይ ታሳድረው ነበር?»

«ምን አስቤ!»

«ነገ ከጓደኛው ጋር ስትጠምደውስ?»

«ያነክሳላ። ጥማዱም በእሱ እርምጃ ይሄዳል።»

«ታዲያ?»

«ይሄ በሬ አይደለም፣ ባትሪ ነው!»

«ታዲያ ቦራ፣ ጉራች ብሎ ስም ያወጣለት ማን ነው? እኔ ነኝ?»

ሰው ሁሉ ሰምቷል። ፍሬኑን ሳልለቅ መቀመጫዬን አስነሥቼ ፒንሳውን ለሙሄ አቀበልሁት። «በለው» አልሁት። መጀመሪያ የሞንታርቦውን ሽቦ ቆረጠው፤ መንዙማው ቃል መሐል ላይ ተበጠሰ። ከዚያ መብራቱን፤ ከዚያ ክላክሱን። ዳገቱ ጭር አለ። የእኔ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። አፈርሁ፤ እንዲህ ያለ ማፈር አፍሬ አላውቅም።

ከኋላ አንዲት ሴት የተበጠሰውን ዜማ ከተበጠሰበት አነሣችው። ሌላዋ ተቀበለቻት። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ተፈራ ሳይቀር ተቀባዩን እንደ ውኃ ያውቀዋል፤ በእጁ ይመታል። የስልክ መብራት አንድ በአንድ በራ። ሞንታርቦው በምኑ ይደርስበታል!

ድንጋዩ ተነሣ፣ ረገጥሁ። ጋሪው ትንሽ ሄደና ደግሞ ለገመ።

«እዚህ ላይ የሚከብደው ምንድን ነው?» አለች ሉባባ። ሰው ሁሉ እኔን አየ። ጋሪው ላይ ከእሷ ሌላ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ከስታለች።

«ውረድ» አለችኝ።

«ማን ይነዳል?»

«የሚዞረው ይሄ፣ የሚረገጠው ይሄ፤ ሌላ ምን አለው? ወዲህ ልለፍ።»

«እትዬ፣ እግርሽ ታሟል እኮ!»

«መሬት አይነካም አልህ እንጂ፣ ሌላ ነገር አይረግጥም መች አልህ?»

አዛወሯት። እኔ ወርጄ ከኋላ ገባሁ፤ በአንድ ጎን ሙሄ፣ በአንድ ጎን ተፈራ። «ያ ረቢ!» ብላ ረገጠች። ገፋን። ጋሪው ምንም ነገር ሳይጎትተው፣ የሚሸከመው አንዲት ሴት ብቻ ሆኖ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ጦይባ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ «ዞር በሉ! ሐጃ እየነዳች ነው! ዞር በሉ!» ትላለች፤ እንደዚያ ያለ ክላክስ ከየትም አይገዛም። ሰውነቴ በላብ ታጠበ። አንድ ጊዜ መሪው ወደ ቦዩ ዘወር ሲል ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። ደጇ ስትደርስ ቆመች፤ ወንበር አምጥተው ከነወንበሩ ብድግ አድርገው አልጋዋ ላይ አኖሯት። እግሯ መሬት አልነካም። የእኔን እግር አትጠይቁኝ።

ሰው ቤቱን ሞልቶ ሲቀመጥ ሉባባ እጇን ለዱዓ ዘረጋች። ለአገሩ ሰላም ለመነች፣ ለዝናቡ፣ ለታመመው፣ ለገፋው ሁሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ሙሄ ሁሉን ነግሯት ኖሯል። «ያ አላህ፣ ለዚህ ወንድሜ ሙሄ የሚለውን መቀነሻ ቶሎ አምጣለት።» ቤቱ በሙሉ «አሚን» አለ። ጦይባ ደግማ አለች።

ዱዓዋ ደርሶ ሙሄ ያዘዘው መቀነሻ ከደሴ መጣ። ሙሄ ከአራቱም እኩል አስወስዶ፣ ፊውዝ ጨምሮ ገጠመው፤ ዳለቻም በሌላ ተተካ። አሁን መብራቱም ይበራል፣ ክላክሱም ይጮሃል፣ ጋሪውም አይለግምም። ግን ሉባባ እግሯ ሲሻላት መሪውን አለቅም አለች። ጁምዓ ጁምዓ እሷ ትነዳለች፤ እኔ ከኋላ ከጦይባ ጋር እቀመጣለሁ። መንገድ ላይ ሰው ሲገጥመን ክላክሱን ንፊ ስላት፣ «ተወው፣ ባትሪ ይበላል» ትለኛለች።

«ታዲያ እንዴት ይስሙን?»

«አንተ ሳል።»